የቢዝነስ ላፕቶፕ ፕሮሰሰርን ከሞዴል ቁጥሩ እስከ ደህንነት ቅንብሩ መመርመሪያ መመሪያ

ብዙ ሰው ላፕቶፕ ሲመርጥ «አይ5 ነው አይ7?» ብሎ ይጠይቅና እዚያው ላይ ያቆማል። በኋላ ዊንዶውስ 11 አልጫን ሲል፣ ቢትሎከር (ዲስክን በምስጠራ የሚቆልፈው የዊንዶውስ ጥበቃ) ቁልፍ አምጣ ብሎ ሲዘጋ ወይም ማሽኑ የማያውቁትን ድርጅት ስም ይዞ ብቅ ሲል ግራ ይጋባል። ጣጣው አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት ነገር ይመጣል፦ ሙሉው የሞዴል ቁጥር ሳይነበብ ቀርቷል፣ ወይም ፕሮሰሰሩ ያለው የደህንነት አቅም ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚነሳው የማሽኑ መሠረታዊ ሶፍትዌር) ላይ አልበራም። ከታች ያለው ቅደም ተከተል ለአዲስም ላገለገለም ማሽን ይሠራል። ደረጃ አይዝለሉ፤ በተለይ ከደረጃ 6 በፊት ያሉትን።

## ከመጀመርዎ በፊት

1. የማሽኑን ትክክለኛ ቻርጀር ያዘጋጁ። ዋቱ ያነሰ ወይም ማሽኑ የማያውቀው ቻርጀር የፍጥነት ምርመራውን ሙሉ በሙሉ ያዛባል።
2. ፋይሎችዎን ወደ ሌላ ዲስክ ይገልብጡ።
3. የቢትሎከር ሪካቨሪ ኪይ በእጅዎ መኖሩን ያረጋግጡ። ባለ 48 አሃዝ ቁጥር ነው። ወረቀት ላይ ይጻፉት ወይም በሌላ መሣሪያ ላይ ያስቀምጡት፤ እዚያው ላፕቶፕ ላይ የተቀመጠ ቁልፍ ላፕቶፑ ሲቆለፍ አብሮ ይቆለፋል።
4. ሦስት ነጻ ፕሮግራሞችን ይጫኑ፦ ሲፒዩ-ዚ፣ ኤችደብሊው-ኢንፎ እና ሰቨን-ዚፕ።

ማስጠንቀቂያ፦ ሪካቨሪ ኪዩን ካላገኙት ባዮስ ላይ ምንም ነገር አይንኩ። መጀመሪያ ከማይክሮሶፍት አካውንትዎ ወይም ከመሥሪያ ቤትዎ የአይቲ ክፍል ያግኙት።

## ደረጃ 1፦ ሙሉውን የሞዴል ቁጥር ያግኙ

ኮንትሮል፣ ሺፍትና እስኬፕን አንድ ላይ ተጭነው ታስክ ማናጀርን ይክፈቱ። ፐርፎርማንስ፣ ቀጥሎ ሲፒዩ የሚለውን ይጫኑ። ከላይ በስተቀኝ ሙሉ ስሙ ይነበባል። ቁጥሩን ከነመጨረሻ ፊደሉ ይጻፉት።

ያው ቁጥር ሲፒዩ-ዚ ላይና ባዮስ ላይም መኖሩን ያመሳክሩ። ዊንዶውስ በአንዳንድ ገጾቹ የሚያሳየው የፕሮሰሰር ስም ሬጂስትሪ ውስጥ ካለ ጽሑፍ ስለሚነበብ በቀላሉ ሊቀየር ይችላል። ሁለቱ ከተለያዩ የባዮሱን ይመኑ፤ ሻጩን ደግሞ አይመኑ። በስሙ ቦታ «0000» የሚል ቁጥር ካዩ ለሙከራ የተሠራ ናሙና ቺፕ ነውና ግዢውን ይተዉት።

ባዮስ ለመግባት ማሽኑ ሲነሳ ቲንክፓድ ላይ ኤፍ1፣ ዴል ላይ ኤፍ2፣ ኤችፒ ላይ ኤፍ10 ደጋግመው ይጫኑ። ዊንዶውስ ቶሎ እየተነሳ ካመለጠዎት በዚህ መንገድ ይሂዱ፦ ሴቲንግስ > ሲስተም > ሪካቨሪ > አድቫንስድ ስታርትአፕ > ሪስታርት ናው። በሚመጣው ሰማያዊ ገጽ ላይ ትራብልሹት > አድቫንስድ ኦፕሽንስ > ዩኢኤፍአይ ፈርምዌር ሴቲንግስ ይምረጡ።

## ደረጃ 2፦ ቁጥሩን ያንብቡ

### ኢንቴል

ኮር አይ5-1245ዩ የሚለውን እንመልከት። «12» ትውልዱ ነው፣ «45» በዚያ ትውልድ ውስጥ ያለው ደረጃ፣ «ዩ» ደግሞ የኃይል ምድቡ። እዚህ ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱት ባለ አራት አሃዝ ቁጥር ሲያዩ ነው። 8350ዩ 8ኛ ትውልድ ነው፤ 1145ጂ7 ግን 1ኛ ሳይሆን 11ኛ ነው። ባለ አራት አሃዝ ቁጥር በ1 ከጀመረ የመጀመሪያዎቹን ሁለት አሃዞች በአንድ ላይ ያንብቡ። 10310ዩን የመሰለ ባለ አምስት አሃዝ ሲሆንም እንደዚያው ነው።

የመጨረሻው ፊደል ከአይ5 እና አይ7 ልዩነት የበለጠ ይናገራል፦

- ዩ፦ 15 ዋት። ለቢሮ ሥራና ለረጅም የባትሪ ዕድሜ።
- ፒ፦ 28 ዋት። ፈጣን ነው፤ ነገር ግን በስስ ላፕቶፕ ውስጥ ቶሎ ይሞቃል።
- ኤች፦ 45 ዋት። ለከባድ ሥራ፤ ወፍራም ማቀዝቀዣና ትልቅ ቻርጀር ይፈልጋል።
- ቪ (ኮር አልትራ 200 ላይ)፦ ራሙ ከፕሮሰሰሩ ጋር በአንድ ላይ የተሠራ ነው፣ 16 ወይም 32 ጊጋባይት። በኋላ መጨመር አይቻልም፤ ሲገዙ ይወስኑ።

አይ7 የሚለው ስም ብቻውን እንዴት እንደሚያታልል ለማየት ሁለት ቺፖችን ያነጻጽሩ። አይ7-7600ዩ 2 ኮርና 4 ሎጂካል ፕሮሰሰር አለው። አይ5-8350ዩ ደግሞ 4 ኮርና 8 ሎጂካል ፕሮሰሰር። በስም ዝቅ ያለው በሥራ ይበልጣል፤ ዊንዶውስ 11ን የሚቀበለውም እሱ ነው።

ከ12ኛው ትውልድ ጀምሮ የኮር ብዛት ሌላ ጥንቃቄ ይጠይቃል። አይ5-1245ዩ «10 ኮር» ይባላል፤ ከእነዚህ ፈጣኖቹ 2 ብቻ ናቸው፣ 8ቱ ኃይል ቆጣቢዎች ናቸው። ሎጂካል ፕሮሰሰሩም 20 ሳይሆን 12 ነው። ታስክ ማናጀር ላይ 12 ሲያዩ የጎደለ ነገር አለ ብለው አይደንግጡ።

### ኤኤምዲ

በራይዘን 7000 ተከታታይ የመጀመሪያውን አሃዝ ትተው ሦስተኛውን ይመልከቱ። የውስጥ አሠራሩን የሚናገረው እሱ ነው፦ 2 ከሆነ ዜን 2፣ 3 ከሆነ ዜን 3 ወይም ዜን 3 ፕላስ፣ 4 ከሆነ ዜን 4። ስለዚህ 7730ዩ ዜን 3 ሲሆን 7840ዩ ዜን 4 ነው፤ ሁለቱም «ራይዘን 7፣ 7000» ተብለው ይሸጣሉ። በ5000 ተከታታይም ተመሳሳይ ወጥመድ አለ፦ 5500ዩ እና 5700ዩ ዜን 2 ናቸው፣ 5600ዩ እና 5800ዩ ግን ዜን 3። የቢዝነስ ሞዴሎቹ ፕሮ 5650ዩ እና ፕሮ 5850ዩ ዜን 3 ናቸው።

## ደረጃ 3፦ ትውልዱ የሚፈቅደውን ይለዩ

የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ስላበቃ የመጀመሪያው መስመር ዊንዶውስ 11 ነው። ከኢንቴል 8ኛ ትውልድና ከዚያ በላይ ያለውን ይያዙ። ከኤኤምዲ የላፕቶፕ ቺፖች 2500ዩ እና 2700ዩ አያልፉም፤ 3500ዩ ያልፋል።

ማለፍ ብቻ ግን በቂ አይደለም። የደህንነት አቅሙ በትውልድ እንደሚከተለው ይለያያል፦

- ሜሞሪ ኢንቴግሪቲ (ጎጂ ኮድ የዊንዶውስን እምብርት እንዳይነካ የሚከላከል ጥበቃ) ያለ ትልቅ የፍጥነት ኪሳራ እንዲሠራ፦ ከኢንቴል 7ኛ ትውልድ ጀምሮ፣ ከኤኤምዲ ዜን 2 ጀምሮ። 3500ዩ ዜን ፕላስ ስለሆነ ዊንዶውስ 11ን ይቀበላል፤ ይህ ጥበቃ ሲበራ ግን ሥራውን በሶፍትዌር ስለሚያስመስል ይዘገያል።
- በሃርድዌር የሚደገፍ የስታክ ጥበቃ (የፕሮግራምን የሥራ ቅደም ተከተል ከጠለፋ የሚከላከል)፦ ከኢንቴል 11ኛ ትውልድ፣ ከኤኤምዲ ዜን 3 ጀምሮ።
- ሙሉ የራም ምስጠራ፦ ከ11ኛው ትውልድ ጀምሮ ባሉ የኢንቴል ቪፕሮ (ለድርጅቶች የተሠራ የደህንነትና የርቀት ቁጥጥር ስብስብ) ቺፖች፣ እና ሜሞሪ ጋርድ በሚል ስም በራይዘን ፕሮ ላይ።

ላፕቶፑ ከቢሮ የሚወጣ ከሆነ የመጨረሻውን ችላ አይበሉት። ዲስክዎ የተመሰጠረ ቢሆን እንኳ ስሊፕ ላይ ያለ ማሽን የዲስኩን ቁልፍ ራሙ ላይ ይዞ ይቆያል።

ለአዲስ ግዢ ከኢንቴል 11ኛ ወይም ከኤኤምዲ ዜን 3 በታች መውረድ አይመከርም።

## ደረጃ 4፦ ቪፕሮ ወይም ፕሮ መሆኑን ያረጋግጡ

አንድ ዓይነት መልክ ያላቸው ሁለት ላፕቶፖች በአንድ አሃዝ ብቻ ሊለያዩ ይችላሉ። ሙሉውን የቪፕሮ ድጋፍ የያዘው በስተግራ ያለው ነው፦

- 8350ዩ እንጂ 8250ዩ አይደለም
- 1145ጂ7 እንጂ 1135ጂ7 አይደለም
- 1245ዩ እንጂ 1235ዩ አይደለም

የኤኤምዲው ይቀላል፤ «ፕሮ» የሚለው ቃል ስሙ ውስጥ ካለ አለ፣ ከሌለ የለም።

ይሁን እንጂ ቺፑ ቪፕሮ መሆኑ ማሽኑን ቪፕሮ አያደርገውም። የርቀት ቁጥጥሩ የሚሠራው የኔትወርክ ካርዱም ፈርምዌሩም ሲደግፉት ነው፤ አንዳንድ ማሽኖች ከፋብሪካ ሲወጡ ተዘግቶባቸው ይመጣሉ። አንድ ላፕቶፕ ብቻ ለግልዎ የሚገዙ ከሆነ ለርቀት ቁጥጥር ተብሎ ተጨማሪ ገንዘብ መክፈል አያስፈልግም። ብዙ ማሽን ለሚያስተዳድር የአይቲ ክፍል ግን ዊንዶውስ ያልተነሳበትን ላፕቶፕ ከርቀት ማግኘት ትልቅ ነገር ነው።

## ደረጃ 5፦ አሁን ምን እንደበራ ይዩ

ባዮስ ከመንካትዎ በፊት ያለበትን ሁኔታ ይመዝግቡ። በስልክዎ ፎቶ ማንሳት ይበቃል።

1. ታስክ ማናጀር፣ ሲፒዩ ገጽ ላይ «ቨርቹዋላይዜሽን» የሚለው «ኢኔብልድ» ይላል?
2. ስታርት ላይ ሲስተም ኢንፎርሜሽን ብለው ፈልገው ይክፈቱ። አራት መስመሮችን ያንብቡ፦ ባዮስ ሞድ (ዩኢኤፍአይ መሆን አለበት)፣ ሴኪዩር ቡት ስቴት (ኦን)፣ ከርነል ዲኤምኤ ፕሮቴክሽን (ኦን)፣ ቨርቹዋላይዜሽን ቤዝድ ሴኪዩሪቲ (ረኒንግ)።
3. ዊንዶውስ ሴኪዩሪቲ > ዲቫይስ ሴኪዩሪቲ > ሴኪዩሪቲ ፕሮሰሰር ዲቴይልስ ይክፈቱ። ስፔሲፊኬሽን ቨርዥን 2.0 መሆን አለበት፤ ስቶሬጅና አቴስቴሽን ሁለቱም «ሬዲ» ማለት አለባቸው። ሴኪዩሪቲ ፕሮሰሰር የሚለው ክፍል ጭራሽ ከሌለ ቲፒኤም (የምስጠራ ቁልፎችን የሚጠብቀው ክፍል) ባዮስ ላይ ጠፍቷል ማለት ነው።
4. ዲስክ ማኔጅመንትን ይክፈቱ። ዲስኩ ላይ በቀኝ ተጭነው ፕሮፐርቲስ > ቮሊዩምስ ይሂዱና «ፓርቲሽን ስታይል» ጂፒቲ (አዲሱ የዲስክ አከፋፈል) ወይም ኤምቢአር (አሮጌው) መሆኑን ይጻፉ። ደረጃ 6 የሚበላሸው ይህን ባላዩ ሰዎች እጅ ነው።

## ደረጃ 6፦ ባዮስ ላይ በቅደም ተከተል ያብሩ

1. ቢትሎከርን ለጊዜው ያቁሙ። ኮንትሮል ፓነል > ቢትሎከር ድራይቭ ኢንክሪፕሽን > ሰስፔንድ ፕሮቴክሽን። ማሽኑ አንዴ ሪስታርት ሲያደርግ ጥበቃው በራሱ ይመለሳል፤ ስለዚህ ከእያንዳንዱ የባዮስ ለውጥ በፊት ይድገሙት።
2. ባዮሱን ከአምራቹ ገጽ ያድሱ። ቻርጀሩ ተሰክቶ፣ ባትሪውም በቂ ሆኖ። እንደ ስፔክተርና ሜልትዳውን ያሉ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2018 ይፋ የሆኑ የፕሮሰሰር ክፍተቶች የሚደፈኑት በዊንዶውስ ማሻሻያና በማይክሮኮድ (በፕሮሰሰሩ ውስጣዊ ሶፍትዌር) ነው፤ ማይክሮኮዱም የሚመጣው ከባዮስና ከዊንዶውስ ማሻሻያ ጋር ነው። በተጨማሪም በ2011 የወጡት የማይክሮሶፍት ሴኪዩር ቡት ሰርተፊኬቶች ከእ.ኤ.አ. ጁን 2026 ጀምሮ ጊዜያቸው ያልፋል፤ ያልታደሰ ማሽን አዲሶቹን ላያገኝ ይችላል።
3. ቲፒኤምን ያብሩ። ቲንክፓድ ላይ ሴኪዩሪቲ ቺፕ፣ ዴል ላይ ቲፒኤም 2.0 ሴኪዩሪቲ፣ ኤችፒ ላይ ቲፒኤም ዲቫይስና ቲፒኤም ስቴት ይባላል። በኢንቴል አንዳንድ ማሽኖች ላይ ፒቲቲ፣ በኤኤምዲ ኤፍቲፒኤም የሚል ስም ሊያዩ ይችላሉ። «ክሊር» የሚለውን አይጫኑ፤ ውስጡ ያሉት ቁልፎች በሙሉ ይጠፋሉ።
4. ሴኪዩር ቡትን (ያልተፈረመ ሶፍትዌር ማሽኑን እንዳያስነሳ የሚከለክለውን) ያብሩ፤ ዲስኩ ጂፒቲ ከሆነ ብቻ። ኤምቢአር ከሆነ መጀመሪያ ዊንዶውስ ራሱ ይዞት በሚመጣው ኤምቢአር-ቱ-ጂፒቲ በተባለው መሣሪያ ይለውጡት። ከዚያ ሌጋሲ ወይም ሲኤስኤም የሚለውን (የድሮውን የአነሳስ ዘዴ) አጥፍተው ሴኪዩር ቡትን ኦን ያድርጉ።
5. ቨርቹዋላይዜሽንን ያብሩ። ኢንቴል ላይ ቪቲ-ኤክስና ቪቲ-ዲ ሁለቱንም፤ ኤኤምዲ ላይ ኤስቪኤምና አይኦኤምኤምዩ። ሁለተኛውን የሚረሳ ሰው ብዙ ነው፤ እሱ ከሌለ በተንደርቦልት ወደብ የሚሰካ መሣሪያ ራሙን በቀጥታ እንዳያነብ የሚከለክል ነገር የለም።
6. ከርነል ዲኤምኤ ፕሮቴክሽን እና፣ ካለ፣ የራም ምስጠራን ያብሩ።
7. የሱፐርቫይዘር ፓስወርድ ያስገቡ። አለበለዚያ ያበሩትን ሁሉ ሌላ ሰው ገብቶ ያጠፋዋል።

ለውጡን አስቀምጠው ይውጡ (ቲንክፓድ ላይ በኤፍ10)።

ማስጠንቀቂያ፦ በቢዝነስ ላፕቶፖች ላይ የሱፐርቫይዘር ፓስወርድ ባትሪ በማውጣት አይጠፋም። የረሳ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ማዘርቦርድ እስከመቀየር ይደርሳል። ፓስወርዱን ከሪካቨሪ ኪዩ ጋር በአንድ ቦታ ያስቀምጡ።

## ደረጃ 7፦ ሜሞሪ ኢንቴግሪቲን ያብሩ

ዊንዶውስ ሴኪዩሪቲ > ዲቫይስ ሴኪዩሪቲ > ኮር አይሶሌሽን ዲቴይልስ ይሂዱ። ሜሞሪ ኢንቴግሪቲን ኦን ያድርጉና ሪስታርት ያድርጉ። ከተነሳ በኋላ በደረጃ 5 ያዩትን የሲስተም ኢንፎርሜሽን ገጽ እንደገና ይክፈቱ፤ «ረኒንግ» የሚል ካለ ሠርቷል። «ኢኔብልድ ባት ኖት ረኒንግ» ካለ ቨርቹዋላይዜሽኑ ባዮስ ላይ አልበራም፤ ወደ ደረጃ 6 ቁጥር 5 ይመለሱ።

«ኢንኮምፓቲብል ድራይቨርስ» ብሎ ከከለከለዎት ዝርዝሩን ይክፈቱና የድራይቨሩን ስም ይጻፉ። በብዛት የቆየ የፕሪንተር፣ የቪፒኤን ወይም የዩኤስቢ መሣሪያ ድራይቨር ነው። አዲስ ስሪት ካለው ይጫኑ፤ መሣሪያውን ካቆሙት ድራይቨሩን ያስወግዱት። ዝርዝሩ ባዶ እስኪሆን ይድገሙ።

## ደረጃ 8፦ የቀድሞውን ባለቤት ያስወጡ

ያገለገለ ማሽን ላይ ይህን ደረጃ ከክፍያ በፊት ይሥሩት።

ኤኤምቲ (የኢንቴል ቪፕሮ የርቀት ቁጥጥር)። ማሽኑ ሲነሳ ኮንትሮልንና የ«ፒ» ፊደልን አንድ ላይ ይጫኑ፣ ወይም በኤፍ12 ሜኑ ውስጥ ማኔጅመንት ኢንጂን የሚለውን ይምረጡ። የፋብሪካው ፓስወርድ በላቲን ትናንሽ ፊደላት የሚጻፈው «አድሚን» ነው። በዚህ ከከፈተልዎ ማሽኑን ለሁለት ደቂቃ ያገኘ ሰው ሁሉ ባዮስ ፓስወርድ ቢኖርም እንኳ የርቀት ቁጥጥር ሊተክልበት ይችል ነበር ማለት ነው። ወዲያው ይቀይሩት፤ ቢያንስ 8 ምልክት፣ ትልቅና ትንሽ ፊደል፣ ቁጥርና ልዩ ምልክት ይፈልጋል። የርቀት ቁጥጥሩን የማይጠቀሙበት ከሆነ ኤኤምቲን ባዮስ ላይ ያጥፉት። «ፐርማነንትሊ ዲስኤብልድ» የሚለው ምርጫ መመለሻ እንደሌለው ይወቁ።

ፓስወርዱ ተቀይሮ ካገኙት ባዮስ ውስጥ «አንኮንፊገር» የሚል ምርጫ ይፈልጉ፤ በሚቀጥለው አነሳስ ወደ ፋብሪካው ይመልሰዋል።

አብሶሉት (ድርጅቶች ማሽኖቻቸውን ከርቀት የሚከታተሉበት አገልግሎት)። ባዮስ፣ ሴኪዩሪቲ ክፍል ውስጥ ይህ አገልግሎት «አክቲቬትድ» ከሆነ ማሽኑ አሁንም በሌላ ድርጅት ክትትል ሥር ነው።

አውቶፓይለት (ድርጅቶች ማሽኖቻቸውን በስማቸው የሚያስመዘግቡበት የማይክሮሶፍት አገልግሎት)። ዊንዶውስን ከኢንተርኔት ጋር አገናኝተው ሪሴት ያድርጉ። በመጀመሪያው ማዋቀሪያ ላይ የድርጅት ስም ወይም የመሥሪያ ቤት ኢሜይል ከጠየቀ ማሽኑ በዚያ ድርጅት ስም ተመዝግቧል። ዲስክ ቢቀይሩም አይለቅም፤ የሚያስወጣው ድርጅቱ ብቻ ነው። ሻጩ ያለ ኢንተርኔት አዋቅሮ ካሳየዎት ይህ አይታይም፤ ኢንተርኔት ማገናኘቱ የግድ የሚሆነው ለዚህ ነው።

## ደረጃ 9፦ በጭነት ይፈትኑት

ቻርጀሩን ሰክተው ኤችደብሊው-ኢንፎን በሴንሰርስ ገጽ ይክፈቱ። ሰቨን-ዚፕ ውስጥ ቱልስ > ቤንችማርክ ጀምረው 10 ደቂቃ ያህል ይተዉት። ሙቀቱን፣ ዋቱንና የኮሮቹን ፍጥነት ይከታተሉ።

መጀመሪያ ላይ ፍጥነቱ ከፍ ይልና ከግማሽ ደቂቃ ገደማ በኋላ ይወርዳል። ይህ ብልሽት አይደለም፤ ብዙ የኢንቴል ቺፖች ከፍተኛውን ኃይል ለ28 ሰከንድ ያህል ብቻ እንዲወስዱ ተደርገው ስለሚመጡ ነው። «እስከ 4.4 ጊጋኸርዝ» የሚለው የማስታወቂያ ቁጥር የዚያች አጭር ጊዜ፣ ያውም የአንድ ወይም የሁለት ኮር ፍጥነት ነው። እርስዎ የሚፈርዱት ከ5ኛው ደቂቃ በኋላ ባለው ነው፤ ታስክ ማናጀር ላይ «ቤዝ ስፒድ» ከሚለው በታች መውረድ የለበትም።

- ከቤዝ በታች ወርዶ ሙቀቱ 100 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ከሆነ፦ ማራገቢያው በአቧራ ተዘግቷል ወይም ተርማል ፔስቱ ደርቋል። አጽድተው፣ ፔስቱን ቀይረው እንደገና ይፈትኑ።
- ሙቀቱ ዝቅተኛ ሆኖ ፍጥነቱ ከ1 ጊጋኸርዝ በታች ከተቸነከረ፦ ቻርጀሩን ይጠርጥሩ። በተለይ ዴል ላይ ማሽኑ የቻርጀሩን ዋት ማወቅ ካቃተው ፕሮሰሰሩን ሆን ብሎ ያዘገየዋል። በትክክለኛ ቻርጀር ይሞክሩ።
- ሁለቱም ደህና ሆነው ግን ግራፊክሱ ከተንቀራፈፈ፦ ሲፒዩ-ዚ ላይ ሜሞሪ ገጽን ይክፈቱ። አንድ ራም ብቻ ተሰክቶ ከሆነ ተመሳሳይ ሁለተኛ ይጨምሩ፤ ከፕሮሰሰሩ ጋር የተሠራው ግራፊክስ የሚሠራበት ከራሙ ነው።

## አንድ ደረጃ ሲበላሽ

ከደረጃ 6 በኋላ «ኖ ቡት ዲቫይስ» ካለ። ዲስኩ ኤምቢአር ሆኖ ሳለ ሌጋሲን አጥፍተዋል። ባዮስ ገብተው ሌጋሲን ይመልሱ፤ ዊንዶውስ እንደነበረው ይነሳል፣ የጠፋ ፋይል የለም። ዲስኩን ወደ ጂፒቲ ለውጠው እንደገና ይሞክሩ። በድንጋጤ ዊንዶውስን አዲስ አይጫኑ።

ቢትሎከር ቁልፍ ከጠየቀ። ሰስፔንድ ማድረጉን ረስተዋል። 48ቱን አሃዝ ያስገቡ። በእያንዳንዱ አነሳስ መጠየቁን ካላቆመ፣ አንዴ ዊንዶውስ ውስጥ ከገቡ በኋላ ሰስፔንድ አድርገው መልሰው ሪዚዩም ያድርጉ፤ ቲፒኤሙ አዲሱን ቅንብር ይመዘግባል።

ሴኪዩር ቡት «ኦን» ተብሎም ዊንዶውስ «ኦፍ» ካለ። ቁልፎቹ አልተጫኑም፣ ባዮሱም «ሴትአፕ ሞድ» ላይ ነው። «ሪስቶር ፋክተሪ ኪይስ» የሚለውን ይምረጡ። ከዚህ በፊትም ቢትሎከርን ሰስፔንድ ያድርጉ።

ሜሞሪ ኢንቴግሪቲ ከበራ በኋላ ሰማያዊ ስክሪን ከመጣ። ባዮስ ውስጥ ቨርቹዋላይዜሽንን ለጊዜው አጥፍተው ዊንዶውስን ያስነሱ። ሜሞሪ ኢንቴግሪቲን ኦፍ አድርገው በቅርቡ የጫኑትን ድራይቨር ያድሱ ወይም ያስወግዱ። ከዚያ ቨርቹዋላይዜሽኑን መልሰው ያብሩና ደረጃ 7ን ከመጀመሪያው ይሥሩ።

ባዮሱ ላይ ምርጫዎቹ ደብዝዘው አልነካ ካሉ። የሱፐርቫይዘር ፓስወርድ አለበት ወይም ማሽኑ በድርጅት ቁጥጥር ሥር ነው። የመሥሪያ ቤትዎ ከሆነ ለአይቲ ክፍሉ ይንገሩ። ሊገዙት ያሰቡት ከሆነ ሻጩ ፊትዎ ከፍቶ እስኪያጠፋው ድረስ አይክፈሉ።